ከጣሪያው ሥር ሆኖ ዝናቡን መስማት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ንግግሬን በዕቃ ልጀምር። ከፊት ረድፍ ለተቀመጡት አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ሰጥቻለሁ። እባካችሁ በጣታችሁ ዳብሱትና ወደ ኋላ አቀብሉት። ቀጭን ነው፤ ከፌስታል አይወፍርም። ወደ መብራቱ ስታነሱት ጣታችሁ ከጀርባው ይታያል። ትንሽ ሳብ ብታደርጉት የሚቀደድ ይመስላል። ፊኛ የሚሠራው እንዲህ ካለ ፕላስቲክ ነው። ረጃጅም ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ በሙቀት ይጣበቃሉ። ከዚያ ሂሊየም ይሞላና ይለቀቃል። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። መንገደኛ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። እዚያ ሲደርስ ከምድር አየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ነው ከላዩ የሚቀረው። ሌላው ሁሉ ከሥሩ ነው።

እኔ የፊዚክስ ሰው ነኝ። የማጠናው የጠፈር አየር ሁኔታን ነው፤ ከፀሐይና ከሩቅ ጠፈር ወደ ምድር የሚመጣውን ጨረርና ቅንጣት ማለት ነው። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት ከእንዲህ ዓይነት ፊኛዎች የሚመጡ ቁጥሮችን በማንበብ ነው። ሰዎች ሁሌ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ሮኬት አለ፣ ሳተላይት አለ፤ ታዲያ አሁንም ፊኛ ምን ያደርጋል? ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ወስጄ መልስ ልስጥ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር ማጥናት ራሱ የተጀመረው በፊኛ ነው። በ1912 ኦገስት 7 ቀን ቪክቶር ሄስ የሚባል ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት በሃይድሮጅን በተሞላ ፊኛ ወጣ። ቅርጫቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ። ሦስት ኤሌክትሮስኮፖችም ይዘዋል። ኤሌክትሮስኮፕ አየሩ በጨረር ምን ያህል እየተመታ እንደሆነ የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ጨረሩ ከመሬት ውስጥ ከሚገኙ ማዕድናት ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። እንዲያ ከሆነ ከመሬት በተራቀ ቁጥር መቀነስ አለበት። ሄስ 5,300 ሜትር ገደማ ደረሰ። ብርድ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ያስፈልጋል። መለኪያዎቹ ግን ጨረሩ መቀነሱ ቀርቶ በግልጽ እንደጨመረ አሳዩ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ ጠብቆ በርሮ ነበር። ፀሐይ ስትጋረድ ጨረሩ አልቀነሰም። እንግዲያው ከፀሐይም ማዶ የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ኮስሚክ ጨረር የምንለው ይሄው ነው። ሄስ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ድፍረቱ ብቻ አይደለም። ሰውየው መለኪያውን ይዞ ነገሩ ወዳለበት ሄደ። ሄዶም እዚያው ቆየ። ይቺን "ቆየ" የምትል ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ጠፈር አየር ሁኔታ እንምጣ። ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትልከው። ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ያለማቋረጥ ትነፋለች። አንዳንዴ ደግሞ ትቆጣለች፤ ቢሊዮን ቶኖች የሚመዝን ጋዝ በአንድ ጊዜ ትወረውራለች። ምድር ግን ባዶዋን አልቆመችም። ዙሪያዋን የማግኔት መስክ ከቧታል። መስኩ ከሚመጣው አብዛኛውን ወደ ጎን ያዞረዋል። የቀረው በወጥመድ ይያዛል። የተያዙት ቅንጣቶች ምድርን እንደ ቀበቶ ይዞሯታል። የቫን አለን ቀበቶዎች ይባላሉ። በውስጠኛው ፕሮቶን ይበዛል። በውጭኛው ደግሞ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች ይሽከረከራሉ። የአቅጣጫ መሪ ሳተላይቶች፣ ጂፒኤስ የምንላቸው፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞሩት እዚያው ቀበቶ ውስጥ ነው።

ውጭኛው ቀበቶ ጸባዩ አይታወቅም። አንድ ቀን ያብጣል፤ በማግስቱ ሊመነምን ይችላል። የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ባዶ ይቀራል። ማዕበሉ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየ ይሆናል። በ2012 እንዲያውም ሦስተኛ ቀበቶ ታይቶ ለአራት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጠፋ። በሜይ 2024 ከተነሳው ኃይለኛ ማዕበል በኋላም ሁለት ጊዜያዊ ቀበቶዎች ተፈጥረው በአንዲት ትንሽ ሳተላይት ተለክተዋል። ስለዚህ ጥያቄው ይሄ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሲጠፉ የት ይሄዳሉ?

ከመንገዳቸው አንዱ ወደ ታች ነው። በማግኔት መስኩ መስመሮች ላይ ተንሸራተው ወደ ምድር አየር ይወርዳሉ። ይዘንባሉ። ቃሉን ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም የኤሌክትሮን ዝናብ ነው የሚሉት። መስመሮቹ ወደ ምድር ጠልቀው የሚገቡት በዋልታዎቹ አካባቢ ስለሆነ ዝናቡም የሚወርደው እዚያ ነው። ፊኛዎቻችንን ይዘን ዋልታ ድረስ የምንሄደው ለዚህ ነው። በምድር ወገብ ላይ መስመሮቹ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ቅንጣቱን መልሰው ይጥሉታል። በዋልታ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በሩ እዚያ ነው የተከፈተው።

ችግሩ እነዚህ ኤሌክትሮኖች እስከ ፊኛው አይደርሱም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ አየሩን ሲመቱ ይቆማሉ። ግን ሲቆሙ ዝም ብለው አይቆሙም። በድንገት የተገታ ኤሌክትሮን ጉልበቱን ከፊሉን በኤክስሬይ መልክ ይለቃል። ሐኪም ቤት ራጅ የምንነሳበት ያው ጨረር ነው፤ የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው። ይሄ ኤክስሬይ ወደ ታች ይወርድና 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በታች አየሩ ይውጠዋል። መሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምንም አያገኝም።

እስቲ ሌሊት ቤት ውስጥ ተኝታችሁ ዝናብ ሲመጣ አስቡ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ አትነካችሁም። ግን መጀመሩን ታውቃላችሁ። በረታ፣ ቀነሰ፣ አባራ ትላላችሁ። በረዶ ከተቀላቀለበትም ድምፁ ይነግራችኋል። ፊኛው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። የላይኛው አየር ቆርቆሮው ነው። ኤክስሬዩ ድምፁ ነው። የኤክስሬዩ ብዛት ዝናቡ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። የኤክስሬዩ ጉልበት ደግሞ ጠብታ ነው ወይስ በረዶ የሚለውን ይለያል።

አሁን ወደ ሳተላይቱ ጥያቄ ልመለስ። ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይት በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ዝናቡ ያለበትን ሰፈር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። በመኪና ስትጓዙ ዝናብ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ እንዴት ነው? ዝናቡ አባራ ወይስ እኛ አለፍነው? መኪናው ውስጥ ሆኖ መለየት አይቻልም። ፊኛ ግን በነፋስ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ሰዓታት ሙሉ እዚያው ሰፈር ይውላል። ዝናቡ ሲጀምር እዚያ ነው። ሲያባራም እዚያ ነው። ይቆያል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል ይቺ ናት።

በዋልታ ደግሞ ለፊኛ ሌላም በረከት አለ። ተራ ፊኛ ትልቁ ጠላቱ ሌሊት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋዙ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ፊኛው ይወርዳል። እንዳይወርድ ከያዘው ክብደት ማራገፍ አለበት። የያዘው ሲያልቅ ጉዞውም አለቀ። በአንታርክቲካ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው በጋ ግን ፀሐይ ለሳምንታት አትጠልቅም። በዚያ ወቅት የላይኛው ነፋስም ዋልታውን ይዞራል። ፊኛው ከተለቀቀ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ዙሪያውን ዞሮ ይመለሳል። ኮስሚክ ጨረር ለማጥናት በ2012 መጨረሻ የተለቀቀ አንድ ትልቅ ፊኛ 55 ቀን በአየር ላይ ቆይቷል። 55 ቀን!

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው፤ ሳልነግራችሁ ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። በ1952 ቀበቶዎቹ በኋላ በስሙ የተጠሩለት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሰው ጄምስ ቫን አለን ኢስትዊንድ በምትባል የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ መርከብ ወደ ግሪንላንድ አካባቢ ሄደ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ትንሽ ሮኬት በፊኛ ሥር ይንጠለጠላል። ፊኛው ከባዱን አየር አሳልፎ ይወስደዋል። ከዚያ ሮኬቱ እዚያው ላይ ይተኮሳል። ርካሽ ነው፤ ጎበዝ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ላይ ፊኛው በደንብ ወጣ። ሮኬቱ ግን አልተተኮሰም። ቫን አለን ቁጭ ብሎ አሰበ። የላይኛው ብርድ የማስነሻውን ሰዓት አቁሞት ይሆናል አለ። ከዚያ ምን አደረገ? የብርቱካን ጭማቂ ጣሳዎችን አሞቀና ከሰዓቱ አጠገብ አስገባቸው። ጭማቂው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል ብሎ ነው። ሦስተኛው ሮኬት ተተኮሰ።

ይቺን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁሌ እነግራለሁ። መርከቧ ላይ ሱቅ የለም፤ መለዋወጫ የለም። ያለው የመርከበኞቹ ቀለብ ነው። ሰውየው በእጁ ያለውን ተመለከተ። በፊኛ ሥራ ውስጥ ይሄ መንፈስ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። በቀጣዩ ዓመት በሰሜን በኩል የተላኩ የፊኛ ሮኬቶች የዋልታ ብርሃን፣ ማለትም በዋልታዎቹ አካባቢ ሌሊት ሰማዩን የሚያቀልመው ብርሃን፣ በሚታይበት ቀጠና ላይ ያልተጠበቀ ጨረር አገኙ። በ1957 የፊዚክስ ሰው የሆነው ጆን ዊንክለርና የሥራ ባልደረባው ከአሜሪካዋ ከተማ ከሚኒያፖሊስ ፊኛ ለቀቁ። በዚያ ሌሊት የዋልታ ብርሃን ወደ ደቡብ ወርዶ ሰማዩን ሞላው። ፊኛው ላይ ያለው መለኪያም ኤክስሬይ ቆጠረ። ሰማይ ላይ የሚጨፍረው ብርሃንና የሚዘንበው ኤሌክትሮን አንድ ላይ ተገናኙ። በ1958 ጃንዋሪ 31 ቀን ደግሞ ኤክስፕሎረር 1 የምትባለው ሳተላይት ወጣች። የቫን አለን መቁጠሪያ ተገጥሞላታል። አንዳንድ ቦታ ላይ መቁጠሪያው ዜሮ ማለት ጀመረ። ጨረር ስለሌለ አልነበረም፤ ጨረሩ ከመጠን በላይ ስለበዛ ቆጠራው ታንቆ ነው። ቀበቶዎቹ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ቅርብ ወደሆነው ልምጣ። ናሳ በ2012 ኦገስት 30 ቀን ሁለት መንትያ ሳተላይቶችን ወደ ቀበቶዎቹ ላከ። ቫን አለን ፕሮብስ ይባላሉ። ከነሱ ጎን ለጎን ባረል የተባለ የፊኛ ዘመቻ ተጀመረ። የመራችው በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪ ሮቢን ሚላን ናት። በአንታርክቲካ በሁለት የበጋ ወቅቶች፣ በየወቅቱ 20፣ በጠቅላላው 40 ፊኛዎች ተለቀቁ። መነሻቸው ሁለት ጣቢያዎች ነበሩ፤ የእንግሊዞቹ ሃሊና የደቡብ አፍሪካው ሳናኤ 4። ቦታዎቹ የተመረጡት የማግኔት መስመሮቹ ከውጭኛው ቀበቶ ጋር ስለሚያገናኟቸው ነው። በ2015 እና በ2016 ደግሞ ሥራው በሰሜን፣ በስዊድን ኪሩና አጠገብ ቀጠለ።

እነዚህ ፊኛዎች ትንንሽ ናቸው። ሙሉ በሙሉ ሲነፉ ስፋታቸው 27 ሜትር ያህል ነው። የሚሸከሙት ዕቃ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ሰው አቅፎ ሊያነሳው ይችላል። ግዙፎቹ የናሳ ፊኛዎች ሙሉ ስታዲየም የሚውጡ ናቸው፤ ከነሱ አጠገብ እነዚህ ልጆች ናቸው። ዋናው ነገር ብዛታቸው ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይለቀቃል። በአንድ ጊዜ ብዙዎቹ በዋልታው ዙሪያ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። አንድ ቤት ላይ ብቻ ሳይሆን መንደሩ ሁሉ ላይ ዝናቡን መስማት እንደማለት ነው።

ፊኛ ሲለቀቅ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ በሰሜን በኩል፣ በዋልታ ክበብ ውስጥ። እንደዚያ ቀን የነፋስን ነገር አስቤ አላውቅም። ሁሉም ሰው ነፋሱ እስኪተኛ ይጠብቃል። ቡና ይጠጣል፤ ግን ማንም አይቀመጥም። ሲሆን ሲሆን ንጋት ላይ ነፋሱ ተኛ። ፕላስቲኩ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ተዘረጋ። በጓንት ነው የሚነካው፤ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። ከዚያ ሂሊየሙ በቱቦ ፍሽሽሽ እያለ መግባት ጀመረ። የሚሞላው ጫፉ ብቻ ነው። ከላይ አንድ ጉብታ ይሠራል፣ ሌላው ፕላስቲክ እንደ ረጅም ገመድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጉድለት አይደለም። ላይ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ያቺ ጉብታ መቶ እጥፍ ገደማ ትነፋለች። ታች ላይ ሙሉ በሙሉ ብንሞላው ላይ ሲደርስ ይፈነዳል።

ሲለቁት ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ደረቅ ቅጠል ላይ ሰው የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ዝም አለ። ሞተር የለም፤ ጭስ የለም። ነጭ ክር መስሎ ወጣ፣ ነጥብ ሆነ፣ ጠፋ።

እኛ ወደ ስክሪኑ ገባን። ዕቃው ውስጥ ያለው መለኪያ ክሪስታል ነው፤ ከቡጢ የማይበልጥ፣ ጥርት ያለ። ኤክስሬይ ሲመታው ውስጡ ብልጭ ይላል። ብልጭታው በዓይን አይታይም። ከጀርባው ያለው መሣሪያ ግን ይቆጥረዋል፤ መጠኑንም ይለካል። ቁጥሩ በሳተላይት ስልክ በኩል እኛ ዘንድ ይመጣል። የመጀመሪያው ሰዓት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሌም ደግሞ ልቤን ያሞቀዋል። ፊኛው ሲወጣ ቆጠራው ይጨምራል፣ ይጨምራል። 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ዝቅ ይላል። ልክ እንደ ኮረብታ። ኮስሚክ ጨረር አየሩን ሲመታ የሚፈጥረው የቅንጣት ፍርስራሽ በብዛት የሚገኘው እዚያ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው። ሬጌነርና ፕፎትዘር የሚባሉ ጀርመናውያን በ1930ዎቹ ያገኙት ኮረብታ ነው። መለኪያው ያንን ኮረብታ ካሳየ ጤነኛ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ይረጋል። እኛም መጠበቅ እንጀምራለን።

ዝናቡ ሲመጣ አይነግርም። የተረጋው መስመር ድንገት ይነሳል። አንዳንዴ ለሰዓት ይቆያል። አንዳንዴ ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እነዚህን አጫጭር ፍንጣቂዎች ፊኛዎች ማየት የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው። ኤሌክትሮኖቹን ከመንገዳቸው የሚገፋቸው በጠፈር ውስጥ የሚጓዝ ሞገድ ነው። ከሞገዶቹ አንዱ ወደ ድምፅ ሲቀየር በንጋት የሚንጫጩ ወፎችን ይመስላል። ኮረስ የሚለው ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ሌላው እንደ ሂሊየሙ ቱቦ ፍሽሽ ይላል። ስታዳምጡት ከምድር ውጪ ነው ብላችሁ ለማመን ይቸግራችኋል።

በጃንዋሪ 2014 የሆነውን ልንገራችሁ። ፊኛዎቹ አንታርክቲካ ላይ ነበሩ። ከመንትዮቹ ሳተላይቶች አንዱ ደግሞ ከላይ፣ ሞገዱ ባለበት ቦታ ነበር። ሳተላይቱ የፍሽታው ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ለካ። ታች ያሉት ፊኛዎች ደግሞ ኤክስሬዩ ከፍ ዝቅ ሲል ቆጠሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ተመሳሳይ ነበሩ። በደቂቃዎች ምት አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። እርስ በርሳቸው በጣም የተራራቁ ፊኛዎች ሳይቀሩ ያንኑ ምት ይመቱ ነበር። ሞገዱ በሰፊ ግዛት ላይ በአንድ ትንፋሽ ይሠራል ማለት ነው። ሳተላይቱ ለብቻው ይሄን ሊያይ አይችልም፤ እሱ በአንድ ጊዜ የሚለካው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ፊኛዎቹም ለብቻቸው አይችሉም፤ ዝናቡን እንጂ ደመናውን አያዩም። የዚህ ጥናት ጽሑፍ በ2015 ታተመ። እኔ ያንን ሥዕል ሳይ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ይሄ ሁሉ ለሰው ኑሮ ምኑ ነው የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በጃንዋሪ 1994 ሁለት የካናዳ የመገናኛ ሳተላይቶች በአንድ ቀን ልዩነት ውስጥ መቆጣጠሪያቸው ጠፋ። አንደኛው በሰዓታት ተመለሰ። ሁለተኛውን ለማዳን ወራት ፈጀ። ምክንያቱ ብለው የጠቆሙት እነዚያኑ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ነው። ኤሌክትሮኖቹ የሳተላይቱን ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፣ ውስጡ ይጠራቀማሉ፣ በመጨረሻም እንደ ትንሽ መብረቅ ይፈነጥቃሉ። በማርች 1989 ደግሞ በካናዳ ኩቤክ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አጣ። ያ በማግኔት መስኩ መናወጥ የመጣ ነው፤ መንገዱ ሌላ ቢሆንም ምንጩ ያው የፀሐይ ማዕበል ነው።

አውሮፕላንም አለ። በሰሜን ዋልታ ላይ የሚያልፉ በረራዎች ብዙ ናቸው። ከ82 ዲግሪ በላይ ሲወጡ ከምድር ወገብ በላይ የቆሙት የመገናኛ ሳተላይቶች ከአድማስ በታች ይቀራሉ። አብራሪው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው የሚነጋገረው። ከፀሐይ የሚወረወር ፕሮቶን በዋልታው በር ሲገባ የላይኛውን አየር ይለውጠዋል፤ ያ አየር ደግሞ የሬዲዮ ሞገዱን ይውጠዋል። ሬዲዮው ዝም ይላል። ስለዚህ በረራዎቹ ወደ ደቡብ እንዲዞሩ ይደረጋል። ነዳጅ ይጨምራል፣ ሰዓት ይረዝማል። ጨረሩም ራሱ አለ። ሚሊሲቨርት በሚባለው የጨረር መለኪያ ሰው በተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ይቀበላል። የበረራ ሠራተኛ በዚያ ላይ ከ2 እስከ 5 ሚሊሲቨርት ሊጨምር ይችላል፤ እንደሚበርበት መስመር ነው። ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ ጠፈር አየር ሁኔታ ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ የሚያስተላልፍ አገልግሎት አለው። ማስጠንቀቂያው የሚያምረው ከሥሩ ልኬት ሲኖር ነው።

የሚዘንበው ኤሌክትሮን አየሩን ራሱንም ይነካል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባሉ ጋዞችን ይፈጥራል፤ እነሱም ከላይ ያለውን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን ኦዞን ይበላሉ። ስለ ኦዞን ካነሳን ሃሊ ጣቢያ አንድ ትዝታ አለው። እዚያ ያሉ ሰዎች ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምረው በየዓመቱ ኦዞንን ይለኩ ነበር። ያው መሣሪያ፣ ያው ሰማይ፣ ያው ቁጥር። ለ20 ዓመት ያህል ብዙም አዲስ ነገር አልታየም። ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። በ1985 የኦዞን ቀዳዳውን ለዓለም ያሳወቁት እነሱ ናቸው። መሃል ላይ ሰልችቷቸው ቢተዉት ኖሮ የሚያነጻጽሩበት አይኖራቸውም ነበር።

ፊኛም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ሞስኮ የሚገኘው የሌቤዴቭ ፊዚክስ ተቋም ሰዎች ከ1957 ጀምረው ትንንሽ ፊኛዎችን በሰሜን ሩሲያ በሙርማንስክ አካባቢ ይለቃሉ። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ በአንታርክቲካ ሚርኒ ጣቢያ። ኮስሚክ ጨረርን ይቆጥራሉ። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ስትነቃ ጨረሩ ይቀንሳል፤ ስትተኛ ይጨምራል። የነቃችው ፀሐይ ከሩቅ የሚመጣውን ትገፋዋለች። ያንን መስመር በወረቀት ላይ ስታዩት ረጅም እስትንፋስ ይመስላል። ማንም ሰው በአንድ ዘመቻ ሊያገኘው አይችልም። ብዙ እጆች፣ ብዙ ንጋቶች፣ ብዙ የብርድ ቀናት ናቸው እዚያ ውስጥ ያሉት።

የሚያሳስበኝን ልናገር። ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች አዲስ ነገር ይወዳሉ፤ አልፈርድባቸውም። የፊኛ ዘመቻ ይጀመራል፣ ለሁለት ወቅት ይሠራል፣ ያልቃል። መንትዮቹ ሳተላይቶችም በ2019 ሥራቸውን ጨረሱ። በሜይ 2024 ያ ሁሉ ማዕበል ሲመጣ፣ ሰዎች አይተውት በማያውቁበት አገር ቀይ የዋልታ ብርሃን እያዩ ሲደነቁ፣ እኔ የማስበው ስለ ዝናቡ ነበር። ማነው አሁን ከቆርቆሮው ሥር ያለው? እያልኩ ነበር። ማዕበል ቀጠሮ አይሰጥም። ፊኛ ደግሞ ማዕበሉ ከመጣ በኋላ ልዘጋጅ ቢባል አይደርስም። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጥቂት ትንንሽ ፊኛዎች፣ በሁለቱም ዋልታዎች፣ በየዓመቱ፣ ሳይቋረጥ።

ዋጋውንም መደበቅ አልፈልግም። ጉዞው ሲያልቅ ዕቃው ከፊኛው ተለይቶ በፓራሹት ይወርዳል። ፕላስቲኩም ይወድቃል። አንታርክቲካ ሰፊ ናት፤ የወደቀውን ሁሉ ማንሳት አይቻልም። አንዳንዱ ዕቃ ለዓመታት በረዶ ላይ ይከርማል። ከ1998 ጀምሮ የጸናው የአካባቢ ጥበቃ ስምምነት እዚያ የሚሠራ ሥራ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቅድሚያ እንዲገመገም ያስገድዳል። ይህ ደንብ ከባድ ነው ብለው የሚያማርሩ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ያንን ንጹሕ በረዶ ለማጥናት ሄደን ልናቆሽሸው አይገባም። ስለዚህ ዕቃው እንዲያንስ፣ የሚወድቅበት ቦታ አስቀድሞ እንዲታወቅ፣ ሊነሳ የሚችለው እንዲነሳ መሥራት አለብን። ወጣቶቹ መሐንዲሶች እዚህ ላይ ብትገቡበት ደስ ይለኛል። ገና ያልተፈታ፣ ለእጅም ለጭንቅላትም የሚሆን ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቁራጯ ፕላስቲክ የት ደረሰች? እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ናት? ጥሩ። አልተቀደደችም አይደል? ወደ ኋላ አሳልፏት፤ በረንዳ ላይ የቆሙት ገና አላዩዋትም። ስትጨርሱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡልኝ። የኮረብታውን መስመርና የዚያን የጃንዋሪ ምት ሥዕልም እዚያው ዘርግቼዋለሁ። የሞገዱን ድምፅ መስማት ለሚፈልግ ጆሮ ማዳመጫ አለ። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ታገኙኛላችሁ።

አመሰግናለሁ።